«እንፋሎት»፣ «ፍል ውሃ»፣ «ከርሠ ምድር ሙቀት»፦ ስለ አንድ ስያሜ የቀረበ ማብራሪያ

ከመሬት በታች የሚገኘውን ሙቀት ለሰው ጥቅም ስለ ማዋል የሚናገሩ የውጭ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ በአብዛኛው የሚገባላቸው ቃል «እንፋሎት» ነው። «የእንፋሎት ኃይል»፣ «የከርሠ ምድር እንፋሎት»፣ «ከእንፋሎት የሚመነጭ ኤሌክትሪክ» የሚሉት ሐረጎች በጋዜጣም በሬዲዮም የተለመዱ ሆነዋል። ስያሜው ለአንድ ዓይነት ሥራ በሚገባ ያገለገለ ነው። ዛሬ ግን ይኸው ቃል ፈጽሞ እንፋሎት ለሌለበት ነገር ጭምር በመሰጠቱ፣ አንባቢ ጸሐፊው ካሰበው ተቃራኒውን የሚረዳበት ጊዜ አለ። ጉዳዩን ለመመርመር የመረጥነው ምሳሌ፣ በከተሞች ሥር የሚገኙና ሥራቸው የቆመ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ማውጫዎች የሚሰጡት ሙቀት ነው። የስያሜው ጉድለት ከሌላ ቦታ ይልቅ እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል።

በቅድሚያ ነገሩን ራሱን እናስረዳ። የድንጋይ ከሰል ከጥልቅ ሲወጣ፣ ከመሬት በታች እጅግ ረዣዥም ዋሻዎች ይቀራሉ። ማውጫው በሥራ ላይ ሳለ ወደ ዋሻዎቹ የሚሰርገው ውሃ ሌት ተቀን በመሳቢያ እየተቀዳ ይጣላል። ሥራው ሲቆም መሳቢያውም ይቆማል፤ ውሃው ቀስ በቀስ እየወጣ ዋሻዎቹን ይሞላል። የምድር ውስጥ ዐለት ደግሞ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር እየሞቀ ይሄዳል፤ በአብዛኛው የዓለም ክፍል ጭማሪው በአንድ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ስለዚህ ዋሻውን የሞላው ውሃ ከዐለቱ ሙቀት ይቀበላል። ያልተቆፈረ ጠጣር ዐለት ውሃን በቀላሉ አያሳልፍም፤ የተቆፈረው ግን ሰፊ የመገናኛ ገጽና ክፍት መተላለፊያ ስላለው ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ ቀድቶ ሙቀቱን መውሰድና ውሃውን መልሶ መስደድ ይቻላል። ከሰል አውጪዎቹ ሳያስቡት የሠሩት የውሃ ማጠራቀሚያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በኖቫ ስኮሺያ (ካናዳ) ስፕሪንግሂል በምትባል ከተማ፣ ከሰል ማውጣቱ በቆመበት ማዕድን ውስጥ የተጠራቀመው 18 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የፋብሪካ ማሞቂያ ሆኗል። በኔዘርላንድስ ሄርለን ከተማ የመጨረሻው የከሰል ማውጫ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1974 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ከተማዋ ከ700 ሜትር ጥልቀት 28 ዲግሪ፣ ከ250 ሜትር ደግሞ 16 ዲግሪ የሆነ ውሃ እየቀዳች፣ የመጀመሪያውን ለማሞቂያ፣ ሁለተኛውን ለማቀዝቀዣ ማዋል ጀመረች። በሰሜን እንግሊዝ በጌትስሄድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራ የጀመረው ጣቢያ 150 ሜትር ገደማ ከሚጠልቅ የውሃ ጉድጓድ 15 ዲግሪ የሆነ የማዕድን ውሃ እየቀዳ እስከ 6 ሜጋዋት የሚደርስ ሙቀት ለሕንፃዎችና ለመኖሪያ ቤቶች ያከፋፍላል። አንባቢ እነዚህን ቁጥሮች፣ በተለይም 15 ዲግሪን፣ እንዲያስታውስ እንጠይቃለን። የአዲስ አበባ የዓመት አማካይ መጠነ ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ ነው። ጌትስሄድ ቤት የሚያሞቅበት ውሃ አዲስ አበባ ላይ በባልዲ ቢቀርብ፣ ማንም ሰው «ቀዝቃዛ ውሃ» ብሎ ይጠራዋል እንጂ ሌላ ስም አይሰጠውም።

እንግዲህ አንድ ተርጓሚ ይህንኑ ዜና «ከከተማዋ ሥር ከሚገኝ የድንጋይ ከሰል ማዕድን በሚወጣ እንፋሎት ቤቶች ይሞቃሉ» ብሎ ቢጽፍና ጽሑፉ በሰሜን ምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ከእንጦጦ ተራሮች ግርጌ በስተደቡብ፣ ጉርድ ሾላ ለሚኖር አንባቢ ቢደርሰው ምን ይረዳል? ከሁለት አንዱን ይረዳል። ወይ ከመሬት በታች ከሰል እየነደደ ውሃ ያፈላል ብሎ ያስባል፤ ወይም ከሠፈር ሥር በግፊት የሚተፋ፣ የሚያቃጥልና አደገኛ የሆነ ነገር ተቆፍሮ ሊወጣ ነው ብሎ ይሰጋል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ስሕተቱ ከአንባቢው አይደለም፤ «እንፋሎት» የሚለው ቃል በቤቱ የሚያውቀው፣ የድስት ክዳን ሲነሣ ፊትን የሚገርፈው ነገር ስለሆነ ነው። «ከሰል» የሚለውም ቢሆን በመጀመሪያ የሚያስታውሰው ምድጃን ነው። «የድንጋይ ከሰል» የሚለው ስያሜ የተሠራው ቀድሞ ከሚታወቀው የእንጨት ከሰል በመነሣት ሲሆን፣ ነዳጅነቱንና ከዐለት መገኘቱን በሁለት ቃል የያዘ በመሆኑ እንደ ስያሜ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ነዳጅነትን ይዞ ስለሚመጣ፣ ከ«እንፋሎት» ጋር ሲጣመር የሚቃጠል ነገር ሥዕል መፍጠሩ አይቀርም።

በጉርድ ሾላ ሥር የድንጋይ ከሰል የለም፤ ያለው ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ዐለት ነው። በአገራችን ከሰል የሚገኘው በሌላ ቦታ ነው፤ በጭልጋ፣ በሰሜን ሸዋ በሙሽ ሸለቆ፣ በያዩና በደልቢ። ሆኖም ስያሜውን ለመፈተን የአዲስ አበባን አንባቢ መምረጣችን ያለ ምክንያት አይደለም። ይህች ከተማ ራሷ የቆመችው በከርሠ ምድር ሙቀት ምክንያት ነው፤ ሙቀቱንም ሰይማዋለች።

ከስያሜው አሠራር እንነሣ። «ጉርድ ሾላ» እና «ፍል ውሃ» በአሠራራቸው መንትያ ናቸው። ሁለቱም ቅጽልና ስም ያቀፉ ናቸው፤ ሁለቱም ቅጽሎች ከግስ የወጡ ናቸው። «ጉርድ» ከ«ጐረደ»፣ «ፍል» ከ«ፈላ»። የግእዙ «ፈልሐ» በአማርኛ የጉሮሮ ድምፁን ጥሎ «ፈላ» ሆኗል፤ «በልዐ» «በላ»፣ «ሰምዐ» «ሰማ» እንደ ሆኑት። «ጐረደ» ደግሞ መነሻ ድምፁ ከንፈራዊ በመሆኑ ሳድሱ «ጉ» ሆኖ ይሰማል፤ «ቈረጠ» «ቁርጥ» እንደሚሰጥ ማለት ነው። «ጥብስ»፣ «ቅቅል»፣ «ስንጥቅ» የሚሉትም ከዚሁ ወገን ናቸው። የዚህ ቅርጽ ጠባይ የተፈጸመ ድርጊትን ውጤት መያዝ ነው። ሾላው ተጐርዷል፤ ማን እንደ ጐረደውና ለምን እንደ ጐረደው ቃሉ አይነግረንም። ዛሬ ጉርድ ሾላ ከባቡር የሚወርደው መንገደኛ ስለ ዛፉ አያስብም፤ «ጉርድ» የሚለውን ቃልም የሚያውቀው ይልቁን ከጉርድ ቀሚስና ለመታወቂያ ከሚጠየቀው ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። ውሃውም እንዲሁ ፈልቷል፤ ያፈላው ምን እንደሆነ ግን በቃሉ ውስጥ የለም። «ፍል ውሃ» ሁኔታን ይሰይማል እንጂ ምንጭን አይሰይምም። ለሕዝብ መታጠቢያ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ለሳይንስ ስያሜ ግን አይበቃም።

የፍል ውሃ ታሪክ በአጭሩ የሚታወቅ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ መቀመጫ በነበረው እንጦጦ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ብርዳም ከፍታ፣ መኖር አስቸጋሪ ነበር። በሜዳው የሚፈልቀው ፍል ውሃ መኳንንቱንና ሠራዊቱን ወደ ታች ሳበ፤ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከምንጩ አቅራቢያ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ የሚለውን ስም አወጡለት። ሥፍራው አስቀድሞ በአፋን ኦሮሞ ፊንፊኔ ይባል ነበር። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ማብራሪያም ከታሪኩ ጋር አብሮ ይሄዳል። በእንጦጦና በዙሪያው ከፍታዎች የሚዘንበው ዝናብ በዐለቱ ስንጥቅ ሰርጎ ወደ ጥልቅ ይወርዳል፤ እዚያ ይሞቃል፤ በከተማው መካከል በሚያልፈው የመሬት ስብራት በኩልም ወደ ላይ ይመለሳል። ከተራራው የወረደው ሰው ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ ውሃውም በሌላ መንገድ ወርዶ ነበር። በእንጦጦ ማርያም ያለው ጠበል ቀዝቃዛ ሲሆን፣ በሌሎች ሥፍራዎች ፍል የሆነ ጠበል አለ፤ «ጠበል» የሚለው ቃል ሙቀትን ሳይሆን አገልግሎትን የሚለይ በመሆኑ ለእኛ ጉዳይ አይረዳንም።

አሁን ወደ ሙቀት ደረጃ ቃላት እንለፍ፤ አማርኛ እዚህ ላይ ድኻ አይደለም። ቀዝቃዛ፣ ለብ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ትኩስ፣ ፍል፤ ከዚያም በላይ እንፋሎት። እናቶች ሊጥ ሲያቦኩ «ለብ ባለ ውሃ» ሲሉ የሚፈልጉት በጣት የሚታወቅ ልክ ነው፤ «ሞቅ ያለ» ቢባሉ ሌላ ነገር ያደርጋሉ። እነዚህ ቃላት ግን ቁጥር የላቸውም፤ እንዲኖራቸው ማስገደድም ተገቢ አይደለም። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በእንጦጦ ጫፍ በ90 ገደማ ይፈላል። «ፍል» ማለት «100 ዲግሪ የደረሰ» ነው ብሎ የሚተረጉም መዝገበ ቃላት፣ በአገሪቱ ዋና ከተማ የሚፈላን ድስት ሁሉ ከትርጉሙ ውጭ ያደርጋል። በሌላ በኩል ሕዝቡ «ፍል ውሃ» የሚለው ምንጭ ሁሉ የሚንተከተክ አይደለም፤ ገላ የሚያቃጥል ከሆነ ይበቃዋል። ስለዚህ «ፍል» የሚዳሰስ ሁኔታ ስም ሆኖ ይቀመጥ፤ የቴክኒክ መለኪያ አይሁን። የጌትስሄድ 15 ዲግሪም ሆነ የሄርለን 28 ዲግሪ በዚህ መሰላል ላይ ከ«ቀዝቃዛ» እና ከ«ለብ ያለ» አያልፍም፤ «ፍል» ማለት ሐሰት፣ «እንፋሎት» ማለት ደግሞ ሁለት እጥፍ ሐሰት ነው።

«እንፋሎት» የሚለው ስያሜ እንዴት ይህን ያህል ሥር ሰደደ ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱ በስምጥ ሸለቆ ይገኛል። በአሉቶ ላንጋኖ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ በጥልቁ ከ300 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ተገኝቷል፤ በ1991 ዓ.ም. ገደማም 7.3 ሜጋዋት የሚያመነጭ የሙከራ ጣቢያ ሥራ ጀምሯል። እዚያ ከጉድጓዱ አፍ በርግጥ እንፋሎት ይወጣል፤ ተርባይኑንም የሚያዞረው እርሱ ነው። ስያሜው በዓይን ከታየው ነገር የተወሰደ በመሆኑ ጋዜጠኛው አልዋሸም። ችግሩ የመጣው የአንዱ ቦታ መልክ የጠቅላላው ነገር ስም ሲሆን ነው፤ በሬን ብቻ ያየ ሰው ከብትን ሁሉ «በሬ» ቢል እንደ ማለት ነው።

ሌላው የግራ መጋባት ምንጭ «ሙቀት» የሚለው ቃል ራሱ ነው። በዕለታዊ አማርኛ «ሙቀት» ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸከማል፤ አንዱ የመሞቅ ልክ፣ ሌላው የሚተላለፈው ጉልበት ነው። በመማሪያ መጻሕፍት የመጀመሪያው «መጠነ ሙቀት» ሲባል ሁለተኛው «ሙቀት» መባሉ መልካም ልማድ ነው፤ ተርጓሚዎችም ሊጠብቁት ይገባል። ልዩነቱ በጀበና ይታያል። ከምድጃ የወረደ የፈላ ጀበና ቡና መጠነ ሙቀቱ ከአንድ በርሜል ለብ ያለ ውሃ ይበልጣል፤ በውስጡ ያለው ሙቀት ግን ከበርሜሉ እጅግ ያንሳል። ቤት ለማሞቅ የሚፈለገው በርሜሉ ነው። የተተዉት የከሰል ዋሻዎች እንዲህ ያሉ በርሜሎች ናቸው፤ መጠነ ሙቀታቸው ዝቅተኛ፣ ሙቀታቸው ብዙ። «ዝቅተኛ ሙቀት ያለው ውሃ» ብሎ የተረጐመ ሰው ሁለቱን ደባልቆ፣ ሀብቱ ራሱ ጥቂት እንደሆነ አስመስሎ ያቀርባል። «መጠነ ሙቀቱ ዝቅተኛ የሆነ ውሃ» ሲባል ግን ነገሩ ይስተካከላል።

ለብ ያለው ውሃ ቤት እንዲያሞቅ የሚያደርገው መሣሪያ በየቤቱ ካለው ማቀዝቀዣ ጋር በአሠራሩ አንድ ነው። ማቀዝቀዣ ከውስጡ ሙቀትን ወስዶ በጀርባው ይጥላል፤ ይህም በኤሌክትሪክ እየታገዘ ከቀዝቃዛው ውሃ ሙቀትን ወስዶ በከፍተኛ መጠነ ሙቀት ለቤቱ ይሰጣል። «የሙቀት ፓምፕ» እየተባለ ሲጻፍ እናያለን፤ አይነቀፍም። ይሁንና ገበሬውም ከተሜውም «ውሃ መሳቢያ» የሚለውን ስለሚያውቅ፣ «ሙቀት መሳቢያ» ብንለው ቃሉ ሥራውን ራሱ ይናገራል። የጠረጴዛ መሳቢያም አለ ተብሎ ይነሣ ይሆናል፤ ዐውዱ ስለሚለያቸው አያሳስብም። የሚያሳስበው ሌላ ነው። የማዕድኑ ውሃ ከቤቱ ውሃ ጋር ሳይቀላቀል ሙቀቱን ብቻ የሚያሳልፍበትን ዕቃ አንዳንዶች «ሙቀት መለዋወጫ» ይሉታል። በአዲስ አበባ «መለዋወጫ» ማለት የመኪና ዕቃ ነው፤ «የሙቀት መለዋወጫ ተገዛ» የሚል ዐረፍተ ነገር አንባቢን የሚወስደው ወደ መለዋወጫ ሱቅ ነው። «ሙቀት አሻጋሪ» ቢባል ይሻላል ብለን እናምናለን፤ የሚሻገረው ሙቀቱ እንጂ ውሃው አለመሆኑን ይጠቁማልና።

ወደ ዋናው ስያሜ እንመለስ። ስያሜ ሲፈለግ መጀመሪያ ሕያው አማርኛን፣ ቀጥሎ ግእዝን፣ ከዚያም ሌሎች የአገሪቱን ቋንቋዎች፣ በመጨረሻ የባዕድ ቃልን መመልከት የሚለው ቅደም ተከተል ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች አዲስ አይደለም። ሕያው አማርኛ የሚሰጠን «የምድር ሙቀት» ወይም «የመሬት ሙቀት» ነው። ሁለቱም ከሠላሳ ዓመት በፊት ያለ ችግር ባለፉ ነበር። ዛሬ ግን «የምድር ሙቀት መጨመር» የአየር ንብረት ለውጥ መጠሪያ ሆኗል፤ «የምድር ሙቀትን መጠቀም» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ አንባቢውን ከመጀመሪያው መስመር ያሳስተዋል። «መሬት» ደግሞ የሚታረሰውንና የሚሸነሸነውን ገጽ እንጂ ጥልቁን አያስታውስም። «ሥነ ምድራዊ ሙቀት» የሚል ቅንብርም ይኖራል፤ ይህ ፈጽሞ የሚወደቅ ነው፤ «ሥነ ምድር» የትምህርቱ ስም ስለሆነ የትምህርት ሙቀት ማለት ይሆናል። «የገሞራ ሙቀት» ለአሉቶ ይስማማል፤ እሳተ ገሞራ በሌለበት በሄርለን ግን ሐሰት ነው።

የባዕዱን ቃል በተመለከተ፣ የ2008ቱ አዋጅ ቁጥር 981 «ጂኦተርማል» የሚለውን እንዳለ ወስዶ የጂኦተርማል ሀብት ልማት አዋጅ ተብሏል። ሕግ ጠባብና የማያሻማ ቃል ስለሚፈልግ ምርጫው ይገባናል። አዋጁ ሀብቱን በሁለት ደረጃ መክፈሉም ለእኛ ክርክር ምስክር ነው። አንደኛው ደረጃ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚበቃው ሲሆን፣ ሁለተኛው በቀጥታ ሙቀቱን ለመጠቀም የሚሆነው ነው። ሁለተኛውን ደረጃ «እንፋሎት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሕጉ የለየውን መልሶ ይቀላቅላል፤ ለመታጠቢያ፣ ለእህል ማድረቂያ ወይም ለአትክልት ቤት ሞቅ ያለ ውሃ የሚፈልግ ሰውም ሕጉ እርሱን እንደማይመለከት ሊቈጥር ይችላል። የባዕዱ ቃል ድክመት ግን ለሕዝብ ሲነገር ይታያል። «ጂኦ» ምድር፣ «ተርማል» ሙቀታዊ መሆኑን ግሪክኛ ያልተማረ አድማጭ ሊያውቅ አይችልም፤ ለዚህም ነው ጋዜጠኛው ወዲያው «እንፋሎት» የሚል ማብራሪያ የሚጨምርበት፤ ስሕተቱም በዚሁ በር ይገባል።

የሚቀረው ግእዝ ነው። «ከርሠ ምድር»፣ ቃል በቃል የምድር ሆድ፣ «የከርሠ ምድር ውሃ» በሚለው ሐረግ ከውሃ መሥሪያ ቤቶች አልፎ በሕዝብ አፍ ገብቷል። አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልገንም፤ ሕዝቡ በሚያውቀው ሐረግ ውስጥ «ውሃ»ን በ«ሙቀት» መተካት ይበቃል። «የከርሠ ምድር ሙቀት» ምንጩን ይናገራል፤ በምን መልክ እንደሚወጣ አስቀድሞ አይወስንም። በአሉቶ በእንፋሎት፣ በፍል ውሃ መታጠቢያ በትኩስ ውሃ፣ በጌትስሄድ በቀዝቃዛ ውሃ ቢመጣ ስሙን አያፈርስም። ብዙዎች «ከርሰ» እያሉ በእሳቱ ሰ ይጽፉታል፤ የግእዙ «ከርሥ» በንጉሡ ሠ ነው።

የቀረው «የተተወ ማዕድን ማውጫ» ነው። «ባዶ ማዕድን» አይባልም፤ ዋጋው ሁሉ ባዶ ባለመሆኑ፣ በውሃ በመሞላቱ ነው። «የተዘጋ» የሚለው አፉ በኮንክሪት የተደፈነውንና አስተዳደሩ ብቻ የቆመውን አይለይም። «የተተወ» መሳቢያው መቆሙን ስለሚያመለክት ለነገሩ ይቀርባል። «ጉድጓድ» የሚለውንም በጥንቃቄ መያዝ ያሻል፤ በከሰል ጉድጓድ ላይ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር ሁለቱን በአንድ ቃል የጠራ ተርጓሚ ዐረፍተ ነገሩን ራሱ መልሶ ሊረዳው አይችልም። አግድም ለተቆፈረው «ዋሻ»፣ ከላይ ወደ ታች ውሃ ለሚቀዳበት «የውሃ ጉድጓድ» ይሁን።

በዚህ መሠረት ለመዝገበ ቃላት የሚከተለው አገባብ ቀርቧል። ከርሠ ምድር ሙቀት፣ ስም፤ በምድር ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝና በውሃ፣ በእንፋሎት ወይም በዐለት አማካይነት ወደ ላይ ተወስዶ ለማሞቂያ፣ ለማቀዝቀዣ ወይም ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚውል ሙቀት፤ በሕግ ጽሑፍ ጂኦተርማል። የከርሠ ምድር እንፋሎት፣ ስም፤ ከርሠ ምድር ሙቀት በእንፋሎት መልክ ሲወጣ ብቻ። የማዕድን ውሃ ሙቀት፣ ስም፤ በተተወ ማዕድን ማውጫ ዋሻ ከተጠራቀመ ውሃ በሙቀት መሳቢያ የሚገኝ ከርሠ ምድር ሙቀት። በመጨረሻው ላይ «ማዕድን ውሃ» እየተባለ ከሚሸጠው የአምቦን ዓይነት መጠጥ ጋር እንዳይምታታ፣ «የተተወ ማዕድን ውሃ ሙቀት» የሚለውን ሙሉ ቅርጽ በመጀመሪያው መጠቀሻ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል።